የሙሴ ባካሪ መርዶ

ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ ባቡር ነው። አባባ ለገሃር የቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሃያ ስምንት ዓመት የድሬዳዋ ተሳፋሪ ቲኬት ሲበሱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ለእኛ የተረፈን አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓትና ፈረንሳይኛ ነበር። ሰዓቱን ወንድሜ ወሰደው። ፈረንሳይኛውን የሚፈልገው ስላልነበረ ለእኔ ደረሰኝ።

ደግሞ የተማረ ሰው ፈረንሳይኛ እንዳይመስላችሁ። የባቡር ፈረንሳይኛ ነው፤ «ግቡ፣ ውረዱ፣ ዕቃዎን ከመንገድ ላይ ያንሱ» የሚል ነገር ይበዛበታል። መጀመሪያ ሰሞን እንግዳ ስቀበል ከፉርጎ የማስወርደው ነው የሚመስለው ይሉኝ ነበር። ቢሆንም እንጀራ ሆነኝ። ወይዘሮ አምሳለ ከዑራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚያስገባው መንገድ ዳር ባለ ዘጠኝ ክፍል ጌስት ሐውስ ሲከፍቱ፣ ለኢሲኤ ስብሰባ ከሚመጡት እንግዶች ብዙዎቹ ፈረንሳይኛ ብቻ የሚያወሩ ሆኑባቸው። ሪሴፕሽን ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ እኔ ተገኘሁ። ያኔ አርባ ዓመቴ ነበር፤ ባሌን ፈትቼ፣ ከአንድ ካፌ ካሸርነት ተባርሬ፣ ሥራ ፍለጋ ኦሎምፒያ አካባቢ ስዞር ነበር የምውለው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ጽጌሬዳ የሚለውን ስሜን ትቶ «ማዳም» ይለኝ ጀመር። ባለሱቁ ሱሌማን እንኳ «ማዳም፣ ዳቦ አልቋል» ነበር የሚለኝ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲያይ እኔ ብቻ የሚገባኝ ነገር ነበረ። ጥፋቴም የሚጀምረው ከዚህ ደስታ ነው።

ባካሪ የመጣው ከጊኒ ነው፣ ከኮናክሪ። በየስብሰባው እየተቀጠረ የሚሠራ አስተርጓሚ ነበር። ለሁለት ሳምንት ብሎ መጥቶ ስምንት ወር ተቀመጠ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን ራሱ ካልተኮሰ የማይለብስ፣ አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ነው። «ሙሴ» ያሉት ዘበኛችን ጋሼ በለጠ ናቸው፤ ፈረንሳይኛ የሚናገር ወንድ ሁሉ ለእሳቸው ሙሴ ነው።

የመጣ ቀን ሻንጣውን ይዤ ደረጃውን ስወጣ ተቀበለኝና «ኦኔ አንሳምብል» አለኝ። ቃሉን በቁሙ አውቀዋለሁ፤ «አብረን ነን» ማለት ነው። «ወዴት ነው አብረን የምንሄደው?» አልኩት በባቡር ፈረንሳይኛዬ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«የትም አንሄድም ማዳም፤» አለኝ። «በእኛ አገር ይሄ ቃል ለሁሉም ይሆናል። አመሰግናለሁ ለማለት እንለዋለን። ስንለያይ እንለዋለን። የሞተበት ሰው አጠገብ ቁጭ ብለን እንለዋለን፤ ያኔ አልተውህም ማለት ነው።» ከዚያ ጣቱን ቀሰር አደረገ። «ደግሞ አንዱ ነገር ሲለምነኝና ላደርግለት ሳልፈልግ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ያንኑ ቃል ብዬው እሄዳለሁ። ያኔ ተወኝ ማለት ነው።»

«ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«የሚናገረውን ሰው ፊት ማየት ነው።»

እኔ ቶሎ የለመድኩት ይሄን የመጨረሻውን ነው። አንዲት የካሜሩን ሴትዮ ሙቅ ውሃ የለም ብላ ስትጮህብኝ፣ ክንዷን ያዝ አድርጌ «ኦኔ አንሳምብል፣ እህቴ» አልኳት። «ይሄንን ደግሞ ማን አስተማረሽ?» እያለች በሳቅ ፈረሰች፤ በቀዝቃዛው ታጥባ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ለጠፋ መብራት፣ ለዘገየ ቁርስ፣ ለማይሠራ ዋይፋይ መድኃኒቴ ይኸው ቃል ሆነ። ሙሴ ባካሪ ከማዶ ሆኖ ሲሰማኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ «ማዳም ጽጌ፣ እርስዎ ከእኛም ባሱ» ይለኛል። እኔም ጎበዝ እንደተባለ ተማሪ እፍነከነካለሁ።

እሱ ግን ሲለው እንደዚያ አልነበረም። የጋሼ በለጠ ወንድም የሞቱ ጊዜ ከሥራ እየወጣ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ተቀመጠ። አማርኛ አይችል፣ ካርታ አይጫወት፣ አግዳሚው ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሊሄድ ሲነሳ እጁን ጋሼ በለጠ ጉልበት ላይ አድርጎ ያችን ቃሉን ይላል። አንድም ሰው ምን አለ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የእድሩ ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምረው «የእኛ ሙሴ» ነበር የሚሉት። ይሄን የማነሳው በኋላ ያደረግነውን ያደረግነው ከጥላቻ እንዳይመስላችሁ ነው። ከጥላቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

የካቲት ላይ እናቱ ታመሙበት። በዚያው ሳምንት ስልኩ ከደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ፤ ደምበል ያለው ጠጋኝ «ዕቃው ማክሰኞ ነው የሚገባው፣ ማክሰኞ ማታ ይውሰዱ» አለው። እህቱ አይሳታ የእኛን ስልክ ቁጥር እንድትይዝ አደረገና እኔ ዘንድ መጣ።

«ማዳም ጽጌ፣ አይሳታ ከደወለች ስብሰባ ላይ ብሆን እንኳ ሰው ይላኩብኝ። ለእናቴ የመጀመሪያ ልጇ ነኝ፤ ሳላያት እንድትሄድ አልፈልግም።»

እሺ አልኩት። «ኦኔ አንሳምብል» አልኩት። ፊቴን አይቶ ልቡ አረፈለት፤ ያኔ ከልቤ ነበር።

ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አይሳታ ነበረች። «እናታችን በጣም አሟታል። ስሙን እየጠራች ነው። ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት የሚነሳ አውሮፕላን አለ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሐሙስ የለም። አሁኑኑ ይንገሩትና ዛሬ ይነሳ።»

«እነግረዋለሁ» አልኩ።

«በእርግጥ?»

«በእርግጥ።»

ስልኩን ዘጋሁና እንባዬ መጣ። ሴትየዋ ሞተዋል።

ቋንቋው አላሳሳተኝም። አንድ በአንድ ሰምቻለሁ፤ አሟታል ነው ያለችው። ግን በእኛ ቤት ሞተ ብሎ ስልክ የሚደውል ማን አለ? አባባ ሲያርፉ እኔ አዳማ ነበርኩ። ወንድሜ ደውሎ «አባባን ትንሽ አሟቸዋል፣ ስምሽን እየጠሩ ነው፣ ዛሬውኑ ነይ» አለኝ። ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም «አሟታል፣ ቶሎ ድረስ» ተብሎ ሄዶ በሽተኛ ያገኘ ሰው አላውቅም። የአይሳታን ቃል ከወንድሜ ቃል ጎን አስቀመጥኩትና በእኔ በኩል ነገሩ አለቀ። እንዲያውም ይቺ ልጅ ብልህ ናት፣ ክፉውን ቃል በስልክ ማውጣት አልፈለገችም ብዬ አደነቅኳት።

ወጥ ቤት ገብቼ ለወይዘሮ አምሳለ ነገርኳቸው። ደረታቸውን መቱ። ጋሼ በለጠ ከበር ተጠርተው መጡና ሦስታችን መከርን። የሰው አገር ሰው ነው፣ ዘመድ የለው፣ እንዴት ብቻውን ይስማ? አሁን ነግረነው አውሮፕላን ላይ ቢወድቅ ማን ይይዘዋል? እህል ይቅመስ፣ ይተኛ፣ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ሰዎች ባሉበት እንደ ወጉ ይረዳ ተባለ። «ለወንድሜ ሦስት ቀን ተቀምጦልኛል፤ እኔም እቀመጥለታለሁ» አሉ ጋሼ በለጠ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ምግብ የምትሠራልን ረውዳ ድስት እያጠበች ትሰማናለች። የእኔ እኩያ ናት፣ የአራት ልጆች እናት፤ ካልጠየቋት ብዙም አትናገርም። ያን ዕለት ግን ውሃውን ዘጋችው።

«ጽጌ፣ ሞተች አላለችሽም እኮ» አለችኝ።

«እንዴት ትበለኝ? በስልክ?»

«ማለቴ፣ የእውነት አሟት ቢሆንስ? እነሱ የእኛን ወግ በምን ያውቁታል? ሞታም ከሆነ ደግሞ በእኛ በሙስሊሞች ቀብር አይቆይም። በቃ ንገሩትና ይሂድ።»

«ፈረንሳይኛውን የሰማሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አልኳት።

አሁንም ይሄን ያልኩበት ድምፅ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል። ረውዳ እጇን በሽርጧ አደራርቃ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ወይዘሮ አምሳለም «ቋንቋውን የምታውቀው እሷ ናት» አሉ፤ ነገሩ በዚያው ጸና። ልጄ ብትሆን፣ ወይ እንግዳ ብትሆን አልዘልፋትም ነበር። ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት እኔን ማረሟ ነው ያናደደኝ።

ሙሴ ባካሪ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። እንደ ሁልጊዜው ለቤቱ ሰው ሙዝ ገዝቷል። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ተደወለ?» አለኝ።

«አልተደወለም።»

«ከዚህ ስልክ ልደውልላት? ልቤ ዛሬ አላረፈም።»

«ወደ ውጭ አይደውልም፤ ተቆርጧል። ነገ የእርስዎ ይመጣ የለ?»

ውሸት እንዲህ ይቀለኛል ብዬ አላስብም ነበር። ለእሱ ብዬ የምዋሽ መስሎኝ ነበርና ጭራሽ አልከበደኝም። ቶሎ እንዲሄድልኝ ብቻ ፈልጌ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩና «ኦኔ አንሳምብል» አልኩት። ትንሽ ፊቴን አየና ደረጃውን ወጣ። ያየውን አይቷል፤ ግን በእኔ እምነት ስለነበረው ራሱን ተጠራጠረ መሰለኝ።

እኔ ሰዓቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ሸክም የወረደልኝ ያህል እፎይ አልኩ። አሁን የሚያስቸኩል ነገር የለም፣ እንደ ወጉ ይሆናል አልኩ በልቤ። ለሌላው ሁሉ ምክንያት አላጣም፤ ለዚያ እፎይታ ግን ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሊነጋጋ ሲል ስምንት ሰዎች ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሳሎን ተቀመጥን። ሙሴ ባካሪ ለስግደት ተነስቶ ኖሮ ውሃ ከክንዱ እየተንጠባጠበ ወረደ። እኛን ሲያይ ደረጃው ላይ ቆመ። ጋሼ በለጠ ተነስተው እጁን ያዙት። «ሙሴ፣ ልጄ፣ በርታ። እናትህ አርፈዋል» አሉ። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ቃል ሲያስተረጉም ለኖረ ሰው የእናቱን ሞት ተረጎምኩለት።

ግንባሩን መሬት አስነካ። እዚያው ቀርቶ እናቱን እየጠራ አለቀሰ። ሴቶቹ እሪ አሉ፤ እኔም ከእነሱ በላይ። ጋሼ በለጠ ጋቢያቸውን አለበሱት። መቼ እንደሞቱ ጠየቀኝ፤ «አልነገሩኝም» አልኩት። ማን እንደደወለ ጠየቀኝ፤ «በርታ፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጣ በለው» አሉ ወይዘሮ አምሳለ፣ ያንን ተረጎምኩ። ረውዳ ሻዩን አመጣች፣ አስቀመጠች፣ ማናችንንም ሳታይ ተመለሰች።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ገመዱን ስቤ አነሳሁት።

«ማዳም፣ አይሳታ ነኝ። ባካሪ የታል? ሌሊቱን አየር ማረፊያ ስጠብቀው አድሬ ከአውሮፕላኑ አልወረደም። የት ደረሰ እያለች ትጠይቀኛለች፤ ምን ልበላት?»

«ማን ናት የምትጠይቅሽ?»

«እናቴ ናታ! አጠገቤ ናት፤ ላቅርብልዎ?»

ቀና ብዬ ሳሎኑን አየሁ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። መሶብ ቀርቧል። እሱ በጋሼ በለጠ ጋቢ ተጠቅልሎ ፊት ለፊቴ ነው፤ እኔ የምናገረው ቋንቋ በዚያ ቤት የሚገባው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ስልኩን ዘረጋሁለት።

ጆሮው ላይ አደረገ። «ማማ?» አለ። አንድ አፍታ ፊቱ እንደ ልጅ በራ፤ ሳቀም። ከዚያ ምን እንደተፈጠረ ገባው መሰለኝ፣ ሳቁ እዚያው ቆመ። በራሳቸው ቋንቋ ረዥም ነገር ተነጋገሩ፤ ከዚያ ውስጥ አንዲትም ቃል አልገባኝም። ሲጨርስ ስልኩን በቦታው አስቀመጠና «መቼ ነው የደወለችው?» አለኝ።

«ትናንት። ስምንት ሰዓት።»

ጋቢውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ጋሼ በለጠ ጉልበት ላይ አስቀመጠና ወጣ። «ምን ሆነ? ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ አምሳለ። በሕይወት አሉ አልኳቸው። ከለቀስተኞቹ አንዷ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የእኔን ሁኔታ አይታ መልሳ ዘጋችው።

ማክሰኞን በሙሉ ከትኬት ቢሮ ትኬት ቢሮ ሲዞር ዋለ። ከሐሙስ በፊት የሚያደርሰው አላገኘም። ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እናቱ ሞቱ። ያን ጊዜ ስልኩ ተጠግኖ ነበርና ለራሱ ተደወለለት። ወረደና ፊቴ ቆሞ «አሁን ሞታለች፣ ለሰዎቹ ይንገሯቸው» አለኝ። ነገርኳቸው።

ማንም የሚያደርገው ጠፋው። የእድሩ ጸሐፊ በጆሮዬ «ሁለት ጊዜ ለቅሶ ይደረሳል እንዴ?» አለኝ፤ የሚቀልድ አልነበረም፣ በእውነት ግራ ገብቶት ነው። እንባችንን ማክሰኞ ጨርሰናል። ወይዘሮ አምሳለ ደም ግፊቴ ተነሳ ብለው ተኙ። ጋሼ በለጠ ዘበኛ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ተቀምጬ የእንግዳ መዝገብ አገላብጥ ነበር፤ የማነበው ነገር ግን አልነበረም። ደረጃው አሥራ አራት እርከን ነው፤ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለቴም ተቀመጥኩ። ፈርቼ እንጂ ሌላ አይደለም።

ረውዳ ሽርጧን አውልቃ ወደ ላይ ወጣች። ክፍሉ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ ቆየች። ከታች ሆኜ እሰማቸዋለሁ፤ እሷ በአማርኛ፣ እሱ በእናቱ ቋንቋ። አንዱ የሌላውን አይሰማም፤ ግን አላቋረጡም።

ሐሙስ ሻንጣውን ይዞ ወረደ። ረውዳን ተሰናበታት። ጋሼ በለጠ ሊስሙት አፍረው መቆማቸውን ሲያይ ራሱ ሄዶ አቀፋቸው። ከዚያ ጠረጴዛዬ ፊት መጣ። ሌሊቱን ሙሉ የይቅርታ ፈረንሳይኛ ስደረድር ነበር ያደርኩት፤ አንዱንም ሳልጀምር እጁን አነሳ።

«አንድ ነገር ብቻ ይወቁልኝ» አለ። «አይሳታ ሰኞ ከእርስዎ ጋር ተነጋግራ እንደጨረሰች ወደ እናቴ ገብታ ‹ተነግሮታል፣ ዛሬ ይነሳል› አለቻት። እናቴ ልብስ ቀይሩልኝ አለች። ትራሴን ወደ በሩ አዙሩልኝ አለች። ማክሰኞ እኔው ራሴ ሐሙስ እመጣለሁ ብያት ነበር፤ ግን ቀኑ ተምታታባት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር። ስትሞትም ፊቷ ወደ በሩ ነበር።»

ይሄን ሁሉ ቀስ አድርጎ፣ ቃሉን እየለየ፣ ቋንቋውን አጥርቶ ለማያውቅ ሰው እንደሚነገረው አድርጎ ነው የነገረኝ። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን እንደዚያ አውርቶኝ አያውቅም። አንድም ቃል አላመለጠኝም።